ታንጉት አበባዋን የነቀለችበት ክረምት

ቡሬ ከገበያው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ታንጉት የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ባሏም ሞቶባታል። ማሳዋን እኩል አራሽ ያርስላታል፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። ከፈትሉ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ የምትሰጠው ግን በቤቷና በመንገዱ መካከል ላለችው ቁራሽ መሬት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጎመንና ድንች ይተክልባታል፤ እሷ አበባ ተከለችባት።

ከበሩ ሲገቡ ጽጌረዳው አለ፤ ባሏ ቸኮለ ከደብረ ማርቆስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣላት ነው። ከሱ ቀጥሎ አሪቲና ጤና አዳም፤ አጥሩን ተጠማዞ የሚወጣው ደግሞ ጠምበለል። ከሁሉም በላይ ግን እንሶስላዋ! እንሶስላ በሌላውም ሰው ደጅ ይበቅላል፤ የታንጉት ግን የሐምሌ ዝናብ ሲያገኘው ከሰው ቁመት አልፎ ይሄድና ነጭ አበባው መንገደኛውን ያስቆማል። ለበዓል እጅና እግራቸውን የሚሞቁ የሰፈሩ ሴቶች ሥሩን ቆፍረው የሚወስዱት ከሷ ነው። የጽጌ ወር ሲመጣም ካህናቱ ለማኅሌት የሚይዙት አበባ ከዚያው ደጅ ይሄዳል።

«አበባ አይበላ፣ ምን ያደርግልሻል?» ይሏት ነበር።

«የሚበላውንማ ሁሉም ይተክለዋል» ትላለች።

ቸኮለ የሞተው በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያን መሣሪያ ልልቀም ብሎ በየቤቱ የዞረ ጊዜ ነው። «ጠመንጃህን አምጣ» አሉት። «የለኝም» አለ። እውነትም አልነበረውም፤ ቀደም ብሎ ለታናሽ ወንድሙ ለይርሳው ሰጥቶት ይርሳው ዱር ገብቷል። አልሰሙትም። ከበሩ ላይ፣ ከጽጌረዳው ሥር ተኩሰው ጣሉት። ታንጉት ደሙን በሦስት እንስራ ውኃ አጠበችው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያን ቦታ ትተወዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ከቀድሞው ይልቅ ተጣበቀችበት። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም መልሱን አታውቀው ይሆናል።

ጣሊያን ምሽጉን የሠራው ከገበያው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ በመነጽር የሚያይ ወታደር መንገዱን እስከ ወንዙ ድረስ ያየዋል። የማያየው ከታንጉት አጥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ እንሶስላው ይጋርደዋል።

በሠላሳ ሁለት ክረምት፣ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ታንጉት ጎንበስ ብላ በእንሶስላው ሥር አፈር ስታለብስ የበቅሎ ኮቴ ሰማች። ቀና ብትል አንድ ነጭ ወታደር ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ጠመንጃ በትከሻው፣ የበቅሎ ልጓም በእጁ። ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰውዬው ግን እሷን አላየም፤ የሚያየው አበባውን ነበር። ቆየና በጣቱ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀ። ቋንቋው አልገባትም። ባርኔጣውን አነሣ፣ ሄደ።

ማክሰኞ ማክሰኞ የምሽጉን በቅሎዎች ወንዝ የሚያወርደው እሱ ነበር። ለጣሊያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ በቅሎ ሲያጥቡ እሱ አንዷን ይዞ ቀደም ብሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመለስ አንድ ጆንያ ፋንድያ ከበሯ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። ሁለት ቀን አልነካችውም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጆንያውን አልፎ ሲያጥበው አየችና አላስቻላትም። «ፋንድያ ወገን የለውም» አለች ለራሷ፤ አውጥታ በጽጌረዳው ሥር በተነችው።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሰውዬው ጽጌረዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ቅጠሉ እየጠቆረ ነበር፤ ታንጉትም ከሰኔ ጀምሮ ስትጨነቅበት ቆይታለች። ከኪሱ ትንሽ ቢላ አወጣና በአየሩ ላይ የመቁረጥ ምልክት አሳያት። እጇ ልቧን ሳያማክር በሩን ከፈተው።

ገባ። ጠመንጃውን ከአጥሩ አስደግፎ ተንበረከከ። የታመመውን ቅርንጫፍ እየመረጠ፣ ከአንጓው በላይ አግድም እየቆረጠ፣ አንዲት ጤነኛ እንቡጥ ሳይነካ ከረከመው። ታንጉት ከበላዩ ቆማ ማጅራቱን ታያለች። ፀሐይ ያቃጠለው፣ የተሸበሸበ፣ የገበሬ ማጅራት ነው። የቸኮለን ገዳዮች ፊት በዚህ ሰው ፊት ላይ ፈለገችው። አጣችው፤ ማጣቷም አላስደሰታትም።

ሲጨርስ ደረቱን ነካ አድርጎ «ፒዬትሮ» አለ።

«ጴጥሮስ?»

ሳቀ፤ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ በጣም ሩቅ የሆነ ቦታ እንደሚያሳይ እጁን ዘርግቶ፣ «አባት... አበባ... ብዙ» አለ። ከአማርኛ የለቀማቸው ቃላት እነዚህና «ቴና ይስትልን» ብቻ ነበሩ። ታንጉት ስሟን አልነገረችውም።

በዚያው ሳምንት ከውኃ ስትመለስ ጎረቤቷ እማማ ካሰች መንገድ ላይ ጠበቋት። በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ፣ የልባቸውን የማይደብቁ ሴት ናቸው።

«ታንጉት፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም፣ እማማ።»

«በባሏ ደም ላይ ነጭ ታስረግጣለች ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ያየሁትን ነው የምለው። ያየሁት ደግሞ በሩ ሲከፈት ነው።» እማማ ካሰች ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጩ ዳር ታንጉት ስትደርስ ወሬ ይቋረጣል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ገሳ የደረበ ሰው ቤቷ ገባ። ገሳውን ሲያወልቅ ይርሳው ነው። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ታንጉት ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ስትመጣ ገና ጥርሱ ያልተቀየረ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ያላትን አቀረበችለት፤ ቆሞ በላ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ የሚቆም ነጭ አለ ይላሉ።»

«አለ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

«አበባ ሊያይ ነው።»

ይርሳው ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው። «እንግዲያው እግዜር ሰጠን። መንገድ ላይ ብንነካው ከምሽጉ ያዩናል። እዚህ ግን በሩን ይከፍቱለታል፣ ይገባል፤ እንሶስላው ውስጥ ሁለት ሰው ይጠብቀዋል። ጥይት እንኳ አያስፈልግም። ጠመንጃውንና ዝናሩን እናገኛለን።»

«ደጄ ላይ ሰው አይገደልም» አለች።

«ጋሼ ቸኮለ የተገደለው የት ነው ታዲያ?»

«እሱን ስለማውቅ ነዋ የምልህ። ደጅ ላይ የፈሰሰ ደም አንተ አጥበህ አታውቅም። እኔ አጥቤዋለሁ።»

ይርሳው አንገቱን ደፋ። ሲናገር ግን ድምፁ አልላላም። «እኛም በየጫካው እያለቅን ነው፣ እትዬ። አንድ ደኅና ጠመንጃ ስንት ሰው እንደሚያተርፍ አይጠፋዎትም። ማክሰኞ ሁለት ሰው እልካለሁ። እርስዎ በሩን ከመክፈት በቀር ምንም አያደርጉም።» ገሳውን ደርቦ ወጣ።

ታንጉት ቁጭ ብላ ቀረች። ይርሳው ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያሳዝናትም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ትቆጣና ይወጣላት ነበር። ለነጩ በምልክት «አትምጣ» ብትለው የገዛ ወገኗን መሸጥ ነው፤ ያን ከምታደርግ ብትሞት ትመርጣለች። ዝም ብላ በሩን ብትከፍትለት ደግሞ፣ ሰውዬው የሚሞተው ጠላት በመሆኑ ሳይሆን አበባዋን በመውደዱ ነው። በሰው አገር ላይ የዘመተ ሰው ሞት ይገባዋል፤ ይህን አልካደችም። እጇ ግን ከዚህ ሞት ውስጥ የት ቦታ እንደሚገባ ማሰብ አቃታት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን አባ ገብረሰንበትን ዋርካ ሥር አገኘቻቸው። ስም አልጠራችም። ባለቅኔ እንደሆኑ ስለምታውቅ እሷም ነገሯን ሸፈን አደረገችው።

«አባ፣ ሰው በአበባ ተስቦ ገደል ቢገባ ኃጢአቱ የማን ነው?»

አባ ገብረሰንበት መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቆዩ። ሁሉን ሰምተው ይሆናል፤ ምንም አልሰሙም ይሆናል።

«ልጄ፣ ወጥመድ ያለ እህል ወፍ አይዝም» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እህሉ ያለው አንቺ ዘንድ ነው ማለቴ ነዋ» ብለው ባረኳትና ሄዱ።

ይህን ንግግር መንገዱን ሙሉ አላመጠችው። እህሉን ስጪ ማለታቸው ነው? ወይስ እህሉን አንሺ? አባ ገብረሰንበት የትኛውን ማለታቸው እንደነበር እስከ መጨረሻው አላወቀችም። እቤቷ ስትደርስ ግን ምን እንደምታደርግ አውቃለች።

ሰኞ ጧት ማጭድና ዶማ ይዛ ወጣች። ከእንሶስላው ጀመረች። ውኃ የጠጣ አገዳ ነውና በማጭድ ሲመታ እንደ ዱባ እየተሰነጠቀ ይወድቃል፤ ነጩ አበባ ጭቃው ላይ ተነጠፈ። ጠምበለሉን ከአጥሩ እየመነጨቀች አወረደችው። አሪቲው በእግሯ ሲረገጥ ሽታው ደጁን ሁሉ ሞላው፤ እሱን ስታሸት አንዴ ቆም ብላ ነበር ይባላል። ጽጌረዳውን ለመጨረሻ አቆየችው። ቸኮለ ከጨርቁ ሲፈታው የነበረውን ደስታ አስታወሰች። ባሏ ቢኖር ምን ይላት ይሆን? «ጣሊያኑ ከርክሞልሽ ካገገመ በኋላ ነቀልሽው?» ብሎ ይስቅ ነበር ወይስ የወንድሙን ሐሳብ ይደግፍ ነበር? ዶማውን አነሣች። ሥሩ በብዙ ምት ወጣ፤ እጇ በእሾሁ ተቦጫጨረ።

እማማ ካሰች በአጥራቸው አጮልቀው አይተው እየሮጡ መጡ። «ኧረ በማርያም! ምን ነካሽ? አበደች ወይ ይቺ ሴት!»

«ሰለቸኝ፣ እማማ።»

እማማ ካሰች የወደቀውን አበባ አዩ፣ የታንጉትን እጅ አዩ፣ ወደ ኮረብታው ምሽግ አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ገባኝ! ለነጭ ዓይን አላሳይም ብለሽ ነው! አይ ያንቺ ወኔ! እኔ ደግሞ ባፌ ስበድልሽ...» እንባቸው መጣ፤ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ሳሟት። ታንጉት አፏን ከፈተች፤ ምን ልትል? እውነቱ ቢወጣ የይርሳው ሰዎች ምስጢር አብሮ ይወጣል። ማጭዷንና ዶማዋን ሰብስባ ገባች። ከመምሸቱ በፊት ሰፈሩ ሁሉ አወቀው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሰዎች መጡ። አንደኛው ሃይለ ሚካኤል ይባላል፤ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ ተጫዋች ጎበዝ ነው። ራቁቱን የቀረውን ደጅ ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

«እንሶስላው የታለ? የት ልንሸሸግ ነው?»

«ነቅዬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ሃይለ ሚካኤል ረጅም ጊዜ አያት። የገባው ይመስላል። ጓደኛው በንዴት ሲያጉረመርም እሱ ግን «በሉ እንግዲህ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሁን፤ ምናልባት ይገባ ይሆናል» አለ፤ ሄዱም።

ሦስት ሰዓት ላይ ጣሊያኑ መጣ። ታንጉት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከመንገዱ ሳይወርድ ቆመ። ከጠጠሩና ከጭቃው በቀር ምንም የለም። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ካፊያው ራሱ ላይ ይወርዳል።

«አበባ?» አለ።

ቀና አላለችም። ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች የራሷን ትንፋሽ ትቆጥር ነበር። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቢጠጋስ? ከጀርባዋ ያሉት ሁለት ሰዎች ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ ታውቃለች። አልተጠጋም። የሚገባበት ምክንያት አጣ። ይዞት የመጣውን ጆንያ ከመንገዱ ዳር አኖረና በቅሎዋን እየሳበ ወደ ኮረብታው ወጣ። መንገዱ ከምሽጉ ይታያልና የተከተለው የለም። ከዚያ ወዲህ በቅሎዎቹ በሌላ ቁልቁለት ይወርዱ ጀመር፤ ታንጉትም ሰውዬውን ዳግመኛ አላየችውም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለታንጉት ቀላል ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ከወጀት በኩል ለምሽጉ ስንቅ የጫነ ጓዝ መጣ፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው ከተማ ያኔ ስሟ ወጀት ነበር። የይርሳው ሰዎች መንገድ ላይ ጠበቁት። የምሽጉ ወታደሮች ለመርዳት ወጡና ውጊያው እስከ ከሰዓት ቆየ። ሃይለ ሚካኤል በዚያ ሞተ። የያዘው አሮጌ ውጅግራ ነበር፤ ከአራት ጥይት በላይ አልነበረውም። አራቱን ጨርሶ ነው የወደቀው።

ወሬውን የነገሯት እማማ ካሰች ናቸው። ታንጉት የይርሳውን ቃል አስታወሰች። አንድ ደኅና ጠመንጃ፣ አንድ ሙሉ ዝናር። ከምሽጉ ከወጡት መካከል እሱ፣ ባለ አበባው ሰው፣ ነበረ ወይስ በበቅሎ ጋጣው ቀርቷል? ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ለለቅሶ ወደ ሃይለ ሚካኤል እናት ወደ ንግሥቴ ቤት ሄደች። ንግሥቴ የአዊ ተወላጅ ናት፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ትኖራለች፤ ከዚህ ልጅ ሌላ የላትም። ታንጉትን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ለለቀስተኞቹም «ልጄ የነገረኝ ጀግና ሴት ይቺ ናት። አበባዋን ለጠላት አላሳይም ብላ የነቀለችው» አለች።

ታንጉት ሦስት ቀን ይህን ቃል ተሸክማ ዋለች። በአራተኛው ቀን ሰው ሳሳ። ከንግሥቴ ጎን ቁጭ አለችና የይርሳውን ሐሳብ፣ ጠመንጃውን፣ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። «አበባዬን የነቀልኩት ሰውዬው እንዳይሞት ነው። ልጅሽም ገብቶት ነበር መሰለኝ፤ አላጋለጠኝም።»

ንግሥቴ አልጮኸችም። በአገውኛ፣ በልጅነት ቋንቋዋ፣ ታንጉት ያልተረዳችውን አንድ ነገር አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታንጉት ጥቂት ጠብቃ ወጣች።

በማግሥቱ ተመልሳ ሄደች። ሰላምታ የመለሰላት የለም። የንግሥቴን እንስራ አንሥታ ውኃ ቀድታላት ተመለሰች። እንዲህ እያደረገች ሳምንት ሞላት። በስምንተኛው ቀን እንስራውን ስታስቀምጥ ንግሥቴ ከመደቡ ላይ ሆና ጠየቀቻት።

«ያን ጊዜ ገድሎት ጠመንጃውን ቢወስድ ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ማታ ማታ እሱን ነው የማስበው። አንዳንድ ቀን ይተርፍ ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ምሽጉ ለአንድ ነጭ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ያቃጥል ነበር፣ እሱም እዚያው ይሞት ነበር እላለሁ።»

«እኔም እንዲሁ ነኝ።»

«ዛሬ በጣም እጠላሻለሁ» አለች ንግሥቴ። «ግን ሌላው ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ልጄ ጀግና እንደነበር ነው። እውነት የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ነገም ነይ።»

ነገም መጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች አብረው ሲፈትሉ፣ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ይታዩ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጨዋታቸው ያምራል፤ አንዳንድ ቀን ንግሥቴ በሩን ዘግታ ትውላለች፤ ታንጉትም ሳትቀየም እንስራውን ከደጅ አስቀምጣ ትመለሳለች።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ያገሩ ሽማግሌዎች ለአርበኞቹ ግብር አበሉ። ይርሳውም ጠጉሩን እንዳጎፈረ መጣ፤ የታንጉትን ጉልበት ስሞ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ስለዚያ ማክሰኞ እሱም አልጠየቀ፣ እሷም አላነሣች። ጠጁ ሞቅ ሲያደርግ አዝማሪው መሰንቆውን አስተካክሎ የጀግኖቹን ስም በተራ ይጠራ ጀመር። በመካከሉ ወደ ሴቶቹ ዞረና፦

«ለነጭ አላሳይም ብላ አበባዋን፣
ታንጉት በማጭዷ አጨደች ደጇን።»

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እማማ ካሰችማ ቆመው ነው ያጨበጨቡት። ታንጉት «አይደለም» ልትል፣ ሁሉን በአደባባይ ልትናገር ብድግ ስትል፣ በሌላ ጎኗ የተቀመጠችው ንግሥቴ የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት።

«ተቀመጪ።»

«ውሸት ነው እኮ፣ ንግሥቴ።»

«አውቃለሁ። አሁን ብትናገሪ ግን ዘፈኑ ይቋረጣል። የልጄ ተራ አልደረሰም፤ ስሙን ሲጠሩለት ልስማ።»

ታንጉት ተቀመጠች። አዝማሪው ገና ሰባት ስም ይቀረው ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠበቁ።